ሁለተኛው ነጭ ጨርቅ

«ዞር በሉ! ወደ ኋላ!»

ይህን ወሎ ውስጥ ብሰማው ዞሬም አላይ። የሰማሁት ግን አሜሪካ፣ ኮለምበስ ውስጥ፣ ዎርዝንግተን፣ ጡረተኞች በሚኖሩበት ሕንፃ ኮሪደር ላይ ነው፤ ተናጋሪው ደግሞ በዊልቼር የምገፋው ነጭ ሽማግሌ ነው። ሊፍቱ በር ላይ ሁለት አሮጊቶች ቆመው ወሬ ይዘው ነበር። ሽማግሌው እጁን አንሥቶ በአማርኛ ሲጮህባቸው እየሳቁ መንገዱን ለቀቁለት። ትንሽ ቀደም ብሎ ከባለቤቴ ጋር በስልክ ሳወራ ሰምቶኝ ኖሮ፣ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ በእንግሊዝኛ «ቋንቋህ ነው፣ አይደል?» አለኝ፤ ኮራ ብሎ። ማስኩ ከአፍንጫው ወርዷል። ፊቱን ባየው ባየው የማውቀው ሰው አልመስልህ አለኝ። ድምፁን ግን አወቅሁት።

ጊዜው ሰው ሰውን የሚሸሽበት የወረርሽኙ ዘመን ነው። እኔ ከመጋዘን ሥራ ወገቤ ሲያባርረኝ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችን ወደ ዲያሊሲስ፣ ደም ወደሚያጥበው ማሽን፣ የሚያመላልስ ቫን መንዳት ጀምሬያለሁ። በእኔና በተሳፋሪው መካከል ፕላስቲክ ተጋርዷል፤ መስኮት በክረምትም ገርበብ ይላል። ሥራ የምታከፋፍለን ሄለን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ያን ቀን ጠዋት ኮል አደረገችኝና፣ «ጋሽ ኑሩ፣ ኒው ፔሸንት አለዎት። ፒክ አፑ ዎርዝንግተን ነው፣ በሳምንት ሦስቴ። ትንሽ ዲፊከልት ነው አሉ፤ ማስክ አላደርግም ካለ አርግዩ እንዳያደርጉ፣ ለእኔ ይደውሉልኝ» አለችኝ። ስሙን በስልኬ ላይ አይቼው ነበር። የአባቱ ስም ለማንበብ የሚያታክት ስለሆነ ቶማስ የሚባል ሰው ነው ብዬ አለፍኩት። ቶማስ አልነበረም፤ ቶማሽ ነው። ሻምበል ቶማሽ፣ ፖላንዳዊው የሄሊኮፕተር መኮንን።

ነገሩን ገና ከመነሻው ልናገረው፤ ማድበስበስ ከዚህ በላይ አልፈልግም። ይህ ሰው በእኛ አገር የእርስ በርስ ጦርነት መካከል ሦስት ነፍስ አጠፋሁ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ኖሯል። አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ አላህ ሰውየውን ከምድር ጫፍ አምጥቶ በገዛ ወንበሬ ላይ ካስቀመጠልኝ በኋላ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል የሚለው ነገር ያን ክረምት እንቅልፍ ነሣኝ።

ያን ጊዜ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የደሴ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እንግሊዝኛ በመቻሌ ብቻ፣ ዕርዳታ በሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚነት ተቀጠርኩ። ደመወዜ መቶ ሰባ ብር ነው፤ በዚያ ዘመን መቶ ሰባ ብር የያዘ ወጣት ፒያሳ ላይ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር። ሸዋ በር አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቡኒ ሳፋሪ ኮት ከነሱሪው በሃምሳ ብር ሰፍቶልኝ፣ በሱሪው ስፋት እናቴ «መንገድ ልትጠርግበት ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከሻይ ቤቱ ቴፕ ሙሉ ቀን የአምባሰል ዜማ ይወጣል፤ ሬዲዮው ደግሞ ማርሽ ነው። ሰዓት እላፊ ሲቃረብ ሁሉም ወደየቤቱ ይሮጣል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ግን ሌላ ዓለም ነበር። በግ በስድስት ብር ሲሸጥ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሣር ጠፍቶ፣ ከመሞቱ በፊት ይሸጥ ተብሎ። ጠገራ ብር ከሴቶች አንገት እየወለቀ በአንድ ጣሳ በቆሎ ይለወጥ ነበር። መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ሲመለሱ እዚያው ተቀምጦ ያገኙታል፤ ሁለተኛ ቀን ዝንብ ወርሮት ያገኙታል። ዛሬ ዌስተርቪል ቤታችን ውስጥ ልጄ ሐያት ግማሽ በርገር ቅርጫት ውስጥ ስትጥል እቆጣታለሁ። «ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ፉድ» ትለኛለች። ምን እላታለሁ?

ለዕርዳታ የመጡት ፖላንዶች ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ይኖሩ ነበር። ፀሐይዋ አቃጥላቸው አፍንጫቸው ሁሌ እንደተላጠ ነው። ሻምበል ቶማሽ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ረጅም፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ከጉልበት በላይ የቀረ ካኪ ቁምጣ የሚለብስ ሰው ነበር። የገበያ ሴቶች ቁምጣውን እያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። መጀመሪያ ቀን የታሸገ ሥጋ ሰጠኝ፤ የምን ሥጋ ነው ስለው መሬት ላይ በጣቱ አሳማ ሣለልኝ። እጄን ወዲያ ስሰበስብ ሳቀና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርዲን ያስቀምጥልኝ ነበር። እቤት ትንሽ ልጅ ነበረችው፤ አኒያ ይላታል። ደብዳቤዋ ሲመጣለት ያን ቀን አይቆጣም። ሌላ ቀን ይቆጣል። በሥራ ቀልድ አያውቅም፤ እርምጃውን ጮክ ብሎ በቋንቋው እየቆጠረ ሜዳ ሲለካ መሐል ላይ የተናገረው ሰው ወዮለት፣ ከአንድ ያስጀምረዋል።

ሥራው እንዲህ ነበር። መኪና የማይገባበት፣ በጦርነቱም መንገዱ የተዘጋ ደጋ ላይ ላለ ሕዝብ እህል ከአውሮፕላን ይጣላል። ቀድሞ ሄሊኮፕተሩ ያርፋል። ሻምበሉና እኔ ወርደን ሽማግሌዎቹን እናነጋግራለን፤ ሜዳ እንመርጣለን፤ ሰውና ከብት ከሜዳው እናስወጣለን። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ነጭ ጨርቆች እናነጥፋለን። የመጀመሪያው ጨርቅ ለአውሮፕላኑ «ከዚህ ጀምር» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «እዚህ አቁም» ማለት ነው። ትልቁ አውሮፕላን የቤት ጣሪያ ሊነካ ደርሶ ዝቅ ብሎ ይመጣና ከኋላው ጆንያ ያወርዳል። እንዳይፈነዳ እህሉ ጆንያ ውስጥ ገብቶ፣ ጆንያው በሌላ ጆንያ፣ እሱም በሌላ ጆንያ ተሸፍኖ ነው። ያ ጆንያ ሰው ላይ ካረፈ ሰውየው አለቀ። ስለዚህ ሁለተኛው ጨርቅ የሰው ነፍስ ነው ይለኝ ነበር ሻምበሉ። ጨርቁ ሌላ አይምሰላችሁ፤ አቡጀዴ ነው። ኮምቦልቻ ገበያ በክንድ ተገዝቶ፣ ሁለት ስፋት ተጋጥሞ በስፌት መኪና የተሰፋ አቡጀዴ።

አቡጀዴ ምን እንደሆነ ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከፈን ነው። ሰው ሲሞት ታጥቦ በአቡጀዴ ይጠቀለልና ይቀበራል፤ ደሃም ሀብታምም። በዚያ ዓመት ግን ይህም ጠፋ። ገበያ የለ፣ ብር የለ፤ ሰው በለበሰው ቡትቶ፣ ከዚያም የዕርዳታ እህል በመጣበት ባዶ ጆንያ፣ የውጭ አገር ጽሑፍ ደረቱ ላይ ተጽፎበት መቀበር ጀመረ። ረሃቡን ችሎ ይህን መቻል ያቃተው ስንት ሰው አይቻለሁ።

ያን ቀን የሄድንበት መንደር ሐሮ አምባ ይባላል። ግራና ቀኙ ገደል የሆነ ጠባብ አምባ ነው። ሕዝቡ ከሜዳው ጎን የሚቀመጥበት ስፍራ ስለሌለ ከሁለተኛው ጨርቅ ወዲያ፣ በሜዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻምበሉ ቅር ብሎት ሁለት ጊዜ ለካ። ግን ሌላ ሜዳ አልነበረም፤ ሰዎቹም ሌላ ቀን የሚጠብቁ አልነበሩም። ጨርቆቹን አነጠፍን። «እዚህ ቁም፣ ማንም እንዳይረግጠው» ብሎኝ ከአውሮፕላኑ ጋር በሬዲዮ ሊነጋገር ወደ ሄሊኮፕተሩ ሄደ። ፀሐይ አናት ይበሳል። እኔ ከሁለተኛው ጨርቅ አጠገብ ቆሜያለሁ።

ሰይድ የሚባል ሰው መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጉንጩ ውስጥ ገብቶ የሰባ ሰው ይመስላል። እናቱ በዚያ ጠዋት ሞታ፣ ወንዶቹ መቃብር እየቆፈሩ ነው። አልለመነኝም። ጨርቁን አየና፣ «ወንድሜ፣ ሙስሊም ነህ?» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩት።

«እናቴን በጆንያ አልቀብራትም» አለኝ። «ከእሷ ጋር እዚያው እቀመጣለሁ እንጂ በጆንያ አልቀብራትም።»

ሻምበሉን ዞሬ አየሁት። ከሄሊኮፕተሩ ሆድ ስር፣ ጥላው ውስጥ፣ ሬዲዮ ጆሮው ላይ አድርጎ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ብጠይቀው እምቢ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ደግሞም ጨርቁ ሰፊ ነው አልኩ። ግማሹም ግማሽ ነው፣ ነጭ ነው፣ ይታያል አልኩ። አባቴ ሲቀበር ከፈኑን የገዛሁት እኔ ነበርኩ፤ ያ ትዝ አለኝ። ስፌቱን በቢላዋ ተርትሬ አንዱን ስፋት ለሰይድ ሰጠሁት። የቀረውን ወጥሬ በድንጋይ አስያዝኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሰይድ ጨርቁን በብብቱ ይዞ ሲሄድ አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ መዓት ውስጥ አንድ የረባ ነገር ሠራሁ ብዬ ነበር።

አውሮፕላኑ መጣ። መጀመሪያው ጨርቅ ላይ ጆንያው መውረድ ጀመረ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። እኔ ዘወር ብዬ ቆሜ ሁለተኛው ጨርቅ ጋ ሲደርስ እስኪያቆም ጠበቅሁ። አላቆመም። አልታየውም። ያ ሳያፈራ የደረቀ የማሳው ገለባ በዚያ ፀሐይ ነጭ ሆኖ ነበር፤ እኔ የተውኩለት ቁራጭ ከገለባው አልተለየለትም። ጆንያው ከጨርቁ አልፎ ወደ ሰዉ ሄደ። ከሄሊኮፕተሩ በኩል ሻምበሉ «ዞር በሉ! ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» እያለ እየሮጠ መጣ። ወደ ኋላ ደግሞ ገደል ነው።

ሦስት ሰው ሞተ። ሕዝቡን ሲያረጋጉ የነበሩት ሽማግሌ፣ ሼህ እንድሪስ። እትዬ ዘይነባ የሚሏቸው የልጆች እናት። ፋጡማ የምትባል ገና የተዳረች ልጅ፤ እጇ ላይ ሂናው አልለቀቀም። ከሰይድ ጋር ወደ ቀብር የሄዱት ሁሉ ተረፉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ጆንያው ፈንድቶ እህሉ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ ሰዎቹ ሬሳውን ወደ ጎን አንሥተው እህሉን ለቀሙት። ታጥቦ ይበላል አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ሻምበሉ ለሬሳዎቹ መጠቅለያ እንደሌለ ሲያይ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጨርቆቹን ስጣቸው፣ ሁሉንም ስጣቸው» አለኝ። እሱ ከሬሳዎቹ ሳይለይ፣ እኔው ሄጄ ጠቅልዬ አመጣሁና ሰጠሁ። የመጀመሪያው ጨርቅና የሁለተኛው ግማሽ ሦስቱ ላይ ተከፋፍሎ መሬት ገባ። ስንት ጨርቅ ነበር፣ ስንት ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ የሚያየው ነገር አልነበረም።

የመጣው ካድሬ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኮምቦልቻ። አሻጥር አለ አለ። ጦርነት ነው፤ ያኔ ስህተት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም አሻጥር ነው፤ በአሻጥር የተያዘ የአገሬው ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ሻምበሉን ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠው። የሚያስተረጉምለትም እኔው ነኝ። «ምልክቱን ያነጠፈው ማነው ብለህ ጠይቀው» አለኝ። ጠየቅሁት። ሻምበሉ ጢሙን እየነካካ፣ «እኔ ነኝ። ለሰዎቹ በጣም አቅርቤ አነጠፍኩት። ርቀቱን የለካሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው» አለ። ከልቡ ነበር፤ እንደዚያ መሆኑን አምኗል። «ምን አለ?» አለኝ ካድሬው። ቃል በቃል ተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥርቼ ተርጉሜ አላውቅም። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ መጨመር የነበረብኝን አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሻምበሉ ሪፖርቱን ፈረመ። በሳምንቱ ወደ አገሩ መለሱት። ሲሄድ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሰርዲኖቹን በሙሉ ትቶልኝ ሄደ።

እንግዲህ ይኸው፣ በስተርጅና፣ ቫን ውስጥ። ማንነቴን የነገርኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። «ሻምበል፣ ኑሩ ነኝ፤ የኮምቦልቻው» ስለው በመስታወቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ አየኝና፣ «ኑሩ ቀጭን ነበር» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ጉዞው ሁሉ ወሬ ሆነ። በዚያ ሰሞን አገር ቤት እንደገና ጦርነት ነበር፤ ደሴ ስልክ አይገባም፣ እህቴ ትኑር አትኑር አላውቅም። «አሁንም?» አለኝ፣ ዜናውን አይቶ። «አሁንም» አልኩት። እንደዚያ የሚያወራው ሰው አግኝቶ የኖረ አይመስልም ነበር። ከኢትዮጵያ ሲመለስ መብረር እንደተወ፣ ከጦሩ እንደወጣ፣ ከአገሩም ወጥቶ ቺካጎ፣ ከዚያ ኦሃዮ መጥቶ የጭነት መኪና እንደነዳ ነገረኝ። እንደጠጣ ነገረኝ። ሚስቱ እንደሄደች፣ ልጁ አኒያ ሲንሲናቲ ሆና በዓመት አንዴ እንደምትመጣ ነገረኝ። አንድ ቀን ቀይ መብራት ይዞን ሳለ ሦስት ጣቱን አነሣና አሳየኝ። «ሦስት» አለ። «በየቀኑ እለካዋለሁ። ሃምሳ እርምጃ ብጨምር ኖሮ።» ሃምሳ እርምጃ የሚጨመርበት ሜዳ እንዳልነበረ አውቃለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ነዳሁ።

ለባለቤቴ ለከድጃ የነገርኳት ያን ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ሰምታው አታውቅም። የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ አየችኝ።

«የሰው ሐቅ ይዘህ ነው እንዴ ስትሰግድ የኖርከው?» አለችኝ።

«ወጣት ነበርኩ፣ ከድጄ። ይገድሉኝ ነበር።»

«ያኔስ ይሁን። አሁን የሚገድልህ ማነው? ንገረውና አውፍ አስብለው፣ ይቅር ይበልህ። ሰውየው ሞቶ ብትቀር ምን ይዘህ ልትቀርብ ነው?»

እውነቷን ነው። በእኛ ዘንድ ሰውን የበደለ ሰው የፈለገ ቢጾም ቢሰግድ፣ የተበደለው ራሱ አውፍ ብዬሃለሁ ካላለው በደሉ አይነሣለትም። ያም ሆኖ ሁለት ሳምንት ዛሬ ነገ አልኩ። ኋላ ግን ሰውየው ራሱ አጣደፈኝ። «ከዓርብ በኋላ አትምጣ» አለኝ። «ማሽኑ በቃኝ። ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፤ ለአኒያም ደውያለሁ። ደክሞኛል።» ያለ ማሽኑ ስንት ቀን እንደሚኖር ሁለታችንም እናውቃለን።

ዓርብ ዕለት፣ ክሊኒኩ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ኋላ ሄድኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። በረዶ እየጣለ ነበር። ማስኬን አወለቅሁ፤ ፊቴን እንዲያይ ፈለግሁ።

«ሻምበል፣ ስህተቱ የእርስዎ አልነበረም። ሁለተኛውን ጨርቅ ከሁለት የተረተርኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ሰይድን፣ እናቱን፣ ከፈኑን፣ ካድሬውን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እጆቹን ዘርግቶ፣ «ይህን ያህል ነው የቀረው?» አለኝ፣ ስፋቱን በእጁ እያሳየ። እጁን ትንሽ አጠበብኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። ከአውሮፕላኑ ላይ ሆኖ ጨርቁን እያየው እንደሆነ ገባኝ።

«አይታይም» አለ። «በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ገለባ ላይ፣ አይታይም።» ከዚያ፣ «ሴትየዋ ተቀበረችበት?» አለኝ።

«ተቀበረችበት።»

ራሱን ነቀነቀ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። በእኛ ባህል እንዲህ ነው ብዬ አስረዳሁት፤ ይቅር ብዬሃለሁ ይበሉኝ፣ በቃል ይበሉኝ አልኩት። እጁን ያዝኩት፤ በወረርሽኝ ዘመን የሰው እጅ ያዝኩ።

«አልልም» አለ።

«ሻምበል...»

«ምልክት ያነጠፈ መኮንን ምልክቱን ትቶ አይሄድም። ደንቡ ነው። እኔ ሬዲዮውን ይዤ ጨርቁ ጋ መቆም እችል ነበር፤ ጥላ ፈልጌ ሄድኩ። አንተ ሲቪል ነበርክ። ሪፖርቱ የእኔ ነው፣ ፊርማው የእኔ ነው። ሦስቱም የእኔ ናቸው፤ ላንተ አልሰጥም።» እጁን ከእጄ አወጣ። «ለአኒያ እንዳትነግራት። ሰምተሃል? ትዕዛዝ ነው።»

ተናደድኩ፤ መዋሸት አልችልም። ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኩትን አምጥቼ ፊቱ ባስቀምጠው የእኔ ነው ብሎ ጠቅልሎ ወሰደው። ይቅርታ ሳይሰጠኝ ጥፋቴንም ቀማኝ። ዊልቼሩን እየገፋሁ ወደ ክሊኒኩ አስገባሁት፤ ሲጨርስ ቤቱ መለስኩት፤ በሩ ላይ «ደህና ሁን፣ ቀጭኑ ኑሩ» አለኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሄለን ኮል አድርጋ፣ «ጋሽ ኑሩ፣ ያ ዎርዝንግተኑ ሰውዬ ፓስ አዌይ አድርጓል፤ ፊውነራሉ ቅዳሜ ነው፣ ልጁ ድራይቨሩ ይምጣ ብላለች» አለችኝ።

ሄድኩ። ወንበሮቹ ተራርቀው የተደረደሩ ትንሽ አዳራሽ ነው፤ የመጣነው ዘጠኝ ሰው ብንሆን ነው። ቄሱ በፖላንድኛና በእንግሊዝኛ ጸለየ። የተናገረለት አልነበረም። ሲያልቅ ወደ መኪናዬ ስሄድ አንዲት ረጅም ሴት በካፖርቷ ተጠቅልላ ተከተለችኝ። ዓይኗ የአባቷ ነው።

«ኑሩ አንተ ነህ? አኒያ ነኝ» አለችኝ። «ኢትዮጵያ አብራችሁ ነበራችሁ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። አባቴ ሲሰክር እዚያ ሰው ገድያለሁ ይል ነበር። ልጅ ሆኜ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው የገደለ እጅ ልጅ አይነካም እያለ ያለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አቅፎኝ አያውቅም። እውነት ነው? ገድሏል?»

ትዕዛዙ ትዝ አለኝ። የሞተ ሰው ትዕዛዝ ይከበራል፤ ይህንም አውቃለሁ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም፤ ደግ ሰው ነበር ብዬ መኪናዬን አስነሥቼ መሄድ እችላለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያ አድርጌያለሁ።

«አልገደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

በረዶ ላይ ቆመን ነገርኳት። ለእሱ ከነገርኩት አላሳጠርኩም። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም።

«ይህን አባቴ ያውቅ ነበር?»

«ነግሬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሊሞት አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው።»

ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።

«ከኢትዮጵያ ሲመለስ ስድስት ዓመቴ ነበር» አለችኝ። «አሁን አርባ ሁለቴ ነው።»

አውፍ በይኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ወደ መኪናዋ እየሄደች ነበር፤ አልተከተልኳትም።